የፈንታዬ ጉልበት

አወቀ ወንበሩን መብሳት የጀመረው ገና ማለዳ ነው። ቢላዋውን ፍም ውስጥ ሰክቶ ያግላል፤ ያወጣና የሰማያዊውን የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫ በክብ ይቆርጣል፤ ቢላዋው ሲበርድ መልሶ ፍሙ ውስጥ ይሰካዋል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ በመጋረጃው ሥር አልፎ እናቱ ፈንታዬ የተኛችበት ጓዳ ድረስ ገባ። እሷ ከነቃች ቆይታለች። ግን ዓይኗን እንደጨፈነች ነው፤ ነቃች ከተባለ ሽንት አለ፣ መገልበጥ አለ፣ ምራቷ ወገቧን ይዛ ስታነሳት የሚሰማት ሀፍረት አለ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የምትችለውን ያህል ተኝታ ትቆያለች።

«ቀስ በል፣ እንዳይሰነጠቅ» አለች የአወቀ ሚስት ትህትና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይሰነጠቅም። ጠርዙን በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፣ ገላዋን እንዳይበላት።»

«ያው አንድ ወንበር አጎደልን። ሰው ሲመጣ ምን ላይ እናስቀምጣለን?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? እሷ እንደሁ ከእንግዲህ የምትነሳ አይደለች። ደጅ ድረስ በሸክም እስከ መቼ?»

ከመጋረጃው ወዲህ ፈንታዬ ዓይኗን ገለጠች። እስከ ዛሬ እንዲህ ሲባል ሰምታ አታውቅም። ባለፈው ክረምት ማብቂያ በረንዳው ላይ አዳልጧት ከወደቀች፣ ደሴ ተወስዳ ጭኗ ውስጥ ብረት ከገባላት ወዲህ፣ በዚህ ቤት ሲነገራት የኖረው «ታገሺ» ነው። አጥንቱ ይያዝ፣ ታገሺ። ሐኪሙ ትረፍ ብሏል፣ ታገሺ። ብርዱ ይለፍ፣ ታገሺ። እሷም ታግሳለች። መስቀልንም ገናንም ፋሲካንም እዚሁ አልጋ ላይ ሆና ተቀብላለች። «ታገሺ» የሚል ሰው አንድ ቀን የሚባል ነገር አለ ማለቱ ነው። «ከእንግዲህ» የሚል ሰው ግን ጨርሷል።

ጓዳው ድሮ የእህል ማስቀመጫ ነበር። አሁንም በአንደኛው ጥግ የጤፍ ጆንያ፣ በሌላው የሽንኩርት ከረጢትና ባዶ ጀሪካኖች አሉ። እሷ የተኛችበት የጠፍር አልጋ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ ከራስጌው በላይ እፍኝ የምታህል መስኮት ወደ ጓሮ ትከፈታለች። በመስኮቷ የሚታየው የጎረቤቱ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ የቆርቆሮ አጥርና ትህትና ጨርቅ የምታሰጣበት ባለአራት እግር ብረት ነው። ፈንታዬ ይህን ስታይ ከርማለች። ጤነኛ ሳለች ቤት ውስጥ ውሎ የሚሉትን ነገር አታውቅም ነበር። በርበሬና ጨው ተሸክማ ለወግዲ ገበያ ሌሊት ተነስታ ስትገሰግስ፣ አብረዋት የሚሄዱት ሴቶች «የዚህች ጉልበት ከምን የተሠራ ነው» ይሉ ነበር። ይህንን ቤት ያቆመችውም፣ ባሏ በወጣትነቷ ከሞተባት በኋላ አወቀን ያሳደገችውም በዚያው ጉልበት ነው። አሁን ስለዚያ ዘመን አታወራም፤ ሰው ያዝንላታል።

ወንበሩ ተጠናቅቆ ገባ። አወቀ የጉድጓዱን ጠርዝ ካሮጌ ሸሚዙ በቀደደው ጨርቅ ጠቅልሎ በመርፌ ሰፍቶታል። ስፌቱን በእጁ ዳበስ ዳበስ እያደረገ አሳያት፤ በሥራው ደስ ብሎታል። «እማ፣ ይኸው ከአልጋሽ ሳትርቂ» አላት። ባልና ሚስቱ ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘው አንስተው አስቀመጧት፤ ትህትና ጋቢውን ዙሪያውን አለበሰችላትና ባልዋን በዓይኗ ወደ ውጭ አመለከተችው። እሱ ግን ወደ ኮርኒሱ እያየ ቆመ። ግራ እግሯ መሬት ነካ። ቀኙ ከጉልበቱ እንደታጠፈ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ተመቸሽ?»

«ተመችቶኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

 ሦስቱም የሽንኩርቱን ከረጢት እያዩ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አወቀ ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ወጣ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ ማልዶ መግባት አለበት። የፊት በሩን ሲዘጋ ፈንታዬ ሰማችው። ልጅዋ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ትጣላዋለች።

ትህትና ሰውነቷን በለብታ ውኃ አሸችላት፤ ሸሚዝ ቀየረችላት፤ የአጃ አጥሚት አጠጣቻት። አልጋው ላይ መልሳ ካስተኛቻት በኋላ እንደ ሁልጊዜው ያችን ትንሽ ትራስ እጥፍ አድርጋ ከቀኝ ጉልበቷ ሥር አስገባችላት። ይህቺን ትራስ ራሷ ትህትና ናት ጥጥ ሞልታ የሰፋችላት፣ ስብራቱ ትኩስ ሳለ ሌሊት ሌሊት ስትቃትት ብትሰማት። «አሁንማ ሽንኩርቱም ዋጋው አይቀመስም ብለውኛል፤ ለማንኛውም ገበያውን አየት አድርጌ ልምጣ» አለች። የራሷን ስልክ ከአማቷ ራስጌ አስቀምጣ፣ የፊት በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከአስፋልቱ የባጃጅ ጡሩምባና በገበያው መንገድ የሚነዳ የበግ መንጋ ድምፅ ይመጣል። ፈንታዬ ወንበሩን አየችው። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ መሐሉ ተበስቶ፣ ጌታውን የሚጠብቅ ይመስላል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንዲህ እንዳለች ነው ፊርደውስ የመጣችው። ፊርደውስ የጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው የፋሩቅ ልጅ ናት፤ ልጅ ሳለች ካባቷ ቤት ይልቅ በዚህ ቤት ነበር የምትውለው። አሁን ደሴ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የተሰበሩና ሽባ የሆኑ ሰዎችን እንደገና መራመድ የሚያለማምዱበት ክፍል ትሠራለች። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለከረመ አገሯ ሳትመጣ ቆይታለች። ስኳርና ሙዝ ይዛ «እማማ ፈንታዬ» እያለች መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባችና ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት።

«እንዴት ነዎት? አፊያ ነዎት?»

«አልሐምዱሊላሂ፣ ልጄ። ይኸው አለሁ። አባትሽ ደህና ነው?»

ስለ ደሴ ብርድ፣ ስለ መኪናው መጨናነቅ፣ ስለ ፋሩቅ ስኳር በሽታ ተጨዋወቱ። ፊርደውስ የምትቀመጥበት ስታጣ ዓይኗ ወንበሩ ላይ አረፈ። ለመቀመጥ ሳብ አደረገችውና ጉድጓዱን አይታ እጇን መለሰች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ። አወቀ ነው ዛሬ የሠራልኝ። እጁ ብልህ ነው፤ አየሽ ስፌቱን?»

ፊርደውስ ስፌቱን አላየችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ሽንት ቤት ድረስ አይሄዱም ማለት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«በየትኛው እግሬ?»

«አወቀ በስልክ... ስደውልለት ደህና ትራመዳለች ይለኝ ነበር። ለሚካኤልም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ በምርኩዝ ደርሳ መጣች ብሎኛል።»

ፈንታዬ መጀመሪያ ልጅቱ ከሌላ በሽተኛ ጋር ያምታታቻት መሰላት። ሳቅ ለማለትም ሞከረች። የፊርደውስን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ፊርደውስ ይቅርታ ብላ ጋቢውን ገለጠችና እግሯን ማየት ጀመረች። ሁለቱን ጭኖች በሁለት እጇ ይዛ ለካቻቸው፤ ቀኙ ከግራው በግማሽ ያንሳል፤ ቆዳው ተሸብሽቦ ካጥንቱ ላይ እንደ ሰፊ ልብስ ተንጠልጥሏል። መዳፏን ከጉልበቷ ሥር አግብታ «እጄን ወደ አልጋው ይጫኑት» አለቻት። ፈንታዬ ጥርሷን ነክሳ ተጫነች። ጭኗ ላይ አንዲት ስስ ነገር ብልጭ ብላ ተንቀጠቀጠችና ተኛች። ጉልበቷ ግን አልወረደም። ፊርደውስ ተረከዟን ይዛ ቀስ ብላ ለመዘርጋት ስትሞክር፣ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቆመ።

«ደሴ ሳሉ፣ ብረቱ በገባልዎት ማግስት አልጋው ጎን ያቆምኩዎት እኔ ነኝ» አለች ጋቢውን እየመለሰች። «ረግመውኛል እኮ።»

«አንቺ ነበርሽ? ያኔ ሰው አልለይም፣ መድኃኒቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር።» ከዚያ ጨመረች፣ «ሐኪሙ አትነሳ፣ ትረፍ ብሏል ብለውኝ ነው እኮ የተኛሁት።»

«ማንም እንደዚያ አላለም፣ እማማ። ሲወጡ በየቀኑ የሚሠሩትን እኔው ራሴ ለአወቀ አሳይቼዋለሁ። እግር ማንሳቱን፣ መቆሙን፣ ሁሉንም በእጁ እየሠራ ነው የተማረው። መደገፊያውንም ይዞ መጥቷል።» ቀና ስትል ዓይኗ በመስኮቷ ወደ ጓሮው ሄደ፤ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። «ያውና።»

ፈንታዬ አንገቷን አዙራ አየች። ባለአራት እግሩ ብረት ላይ የወጥ ቤት ጨርቆችና የራሷ የሌሊት ሸሚዝ ተሰጥተዋል። በየቀኑ ታየው ነበር። ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ የሚሰጣበት ብረት ነው ብላ ነበር።

 ፈንታዬ የጠየቀችው ስለ ልጅዋ አልነበረም። «አጥንቱ ታዲያ አልያዘም ማለት ነው?»

«አጥንቱማ ከያዘ ቆየ። አጥንት ግን ብቻውን ምን ያደርጋል?» ፊርደውስ አልጋውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ይሄ የተኙበት አልጋ እንጨቱ ደህና ነው። ጠፍሩ ላልቶ ቢሆን ግን ሰው ይይዛል? ጡንቻም እንደዚያ ነው፤ አጥንትን ገትሮ የሚያቆመው እሱ ነው። የፊተኛው ሲስብ የኋለኛው ይለቃል፣ የኋለኛው ሲስብ የፊተኛው ይለቃል፤ ጉልበት የሚታጠፍ የሚዘረጋው እነሱ ሲረዳዱ ነው። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ጡንቻው ይከሳል። ጅማቱም ባጠረበት ይደርቃል። አጥንቱ ራሱ ክብደት ካልተጣለበት እየሳሳ ይሄዳል።» ትራሷን ከጉልበቷ ሥር ቀስ ብላ ጎተተቻት። «ይቺን ማን አደረገልዎት?»

«ትህትና ናት። እንዲመቸኝ ብላ።»

«አውቃለሁ። ደግ ናት። ግን ጉልበትዎን አጥፋ ያስቀረችው ይቺ ትራስ ናት።»

ፊርደውስ ሰው ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ ልጅ አይደለችም። ፈንታዬ እውነቱን ንገሪኝ ስትላት ነገረቻት፤ ያኔውኑ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በምርኩዝ ሰፈሩን ትዞር ነበር። አሁን ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ይሆናል። ሩቅ መንገድ አይታሰብም። በየቀኑ ከተሠራ፣ ሕመሙን ከቻለች፣ ሽንት ቤት ድረስ ተደግፎ መሄድ ግን ይቻል ይሆናል። «ይሆናል ነው የምልዎት፣ እማማ። ይሆናል ብቻ።» ከዚያ የሚሠራውን አሳየቻት። ጉልበቷን ወደ አልጋው ተጭና ትንሽ ይዛ መልቀቅ፤ መቀነቷን በእግሯ መዳፍ አዙራ ወደ ራሷ መሳብ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ በራሷ መቀመጥ፤ መቆም ግን ሰው ሲኖር ብቻ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ደሴ እንደምትመለስ ነገረቻትና ለመሄድ ተነሳች።

«አወቀን ሱቁ ሄጄ ላናግረው?»

«ተይው። እኔ እናቱ አለሁ» አለቻት።

ብቻዋን ስትቀር ፈንታዬ አላለቀሰችም። መቀነቷን ፈታች። ጎንበስ ብላ እግሯ ላይ ለመድረስ ራሱ ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ የሆዷና የጀርባዋ ሥጋም ለካ አብሮ ከድቷታል። መቀነቱን አዙራ ስትስብ ከጉልበቷ ጀርባ ያለው ጅማት እንደ ክራር ገመድ ተገተረ፤ እሳት ወገቧ ድረስ ወጣ። ለቀቀች። ደግማ ሳበች። አእምሮዋ ግን እግሯ ላይ አልነበረም። አወቀ ስልኩን ይዞ «ለሚካኤል ደርሳ መጣች» ሲል ይታያታል። የት ቆሞ ይሆን ያን ያለው? ጓሮ? ምናልባት እዚሁ ሳሎን፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ነጭ ነጠላ አልብሶ፣ ምርኩዝ አስይዞ፣ በሐሳቡ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁሟታል። የዋሸው ፊርደውስን ብቻ ይሆን ወይስ እያወራ ሳለ ራሱም ያምነው ነበር? ይህን ስታስብ ንዴቷ መሄጃ አጣ። መቀነቱን አስቀምጣ በክንዷ ተደግፋ ተነሳችና ግራ እግሯን ወደ መሬት አወረደች። ቀኙን በሁለት እጇ እንደ ሰው ዕቃ አንስታ አጠገቡ አንጠለጠለችው። ራሷ ዞረ። ግድግዳውን ይዛ ጠበቀች። ዙረቱ ሲያልፍ፣ ማንም ሳይይዛት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንደሆነ ገባት። እዚህ ጓዳ ከገባች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ወለሉ ከግራ እግሯ መዳፍ ሥር ቀዝቃዛ ነው።

ትህትና ከገበያ ስትመለስ እንዲሁ እንደተቀመጠች አገኘቻት። ዘንቢሏን በሩ ላይ አስቀምጣ ቆመች። ምነው ተነሱ አላለችም። ትራሷ መሬት ላይ ወድቃ፣ መቀነቱ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሙዙና ስኳሩ ጆንያው ላይ ተቀምጦ አየች።

«ፊርደውስ መጥታ ነበር?»

«መጥታ ነበር። የዚያን ብረት ምንነት ነገረችኝ።»

ትህትና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። ከዚያ ፊት ለፊቷን እያየች ተናገረች። ከደሴ በመጡ ሰሞን አወቀ እንደተማረው ሊያቆማት ሞክሮ ነበር፤ ፈንታዬም ታስታውሰዋለች፤ የሰፈሩ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኻለች። ያላወቀችው ከመጋረጃው ወዲያ የተባለውን ነው። የፈንታዬ ወንድም አምባቸው ሊጠይቃት ከወግዲ መጥቶ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነስቶ ለአወቀ እንዲህ አለው፦ እህቴ ሁለተኛ ብትወድቅ ቀብሯ ላይ እንዳላይህ። ልጇ ገደላት ነው የሚባለው።

«አወቀ ያን ቀን ብረቱን ወስዶ ጓሮ ወረወረው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ‹ተኝታም ቢሆን ትኑርልኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ አውርተን አናውቅም።»

«አንቺስ?»

ትህትና ነጠላዋን ለቀቀች። «እኔ ምን ልበልዎት፣ እማማ። አውቅ ነበር። መነሳት እንዳለብዎት አውቅ ነበር። ግን ተኝተው ሲሆን የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ገበያ እሄዳለሁ። መራመድ ቢጀምሩ ወደቁ አልወደቁ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ልቤ እዚህ ነው የሚውለው። ለኔም ቀሎኝ ነበር።»

ፈንታዬ ምራቷን ዞር ብላ አየቻት። በዚህ ቤት ውስጥ ከወደቀች ጀምሮ እንዲህ ያለ እውነት የነገራት ሰው የለም። እንድትቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቁጣ አላገኘችም። «እንግዲያው ከሽንኩርቱ በፊት ጨርቁን ከብረቱ ላይ አንሺው» አለቻት።

አወቀ የመጣው ገና ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ሳለ ነው። ሲሚንቶ ጫማውና ሱሪው ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ሳሎኑ ውስጥ የዘገየ ምሳው ቀርቦለት ሁለት ጉርሻ እንደጎረሰ እናቱ ከጓዳው ጠራችው። መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ተቀምጣ አገኛት፤ ከአጠገቧ ደግሞ ተወልውሎ የገባው ብረት ቆሟል። እጁ ላይ የእንጀራ ቁራሽ እንደያዘ ቀረ።

«ፊርደውስ መጥታ ነበር» አለችው።

ቁራሹን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። መጨረሻ ላይ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር አሉ። ሰው በዛ?»

አወቀ ወንበሩን አየ፤ መስኮቷን አየ፤ ከዚያ ወለሉን። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነው። ፈንታዬ ግን ድሮ እንስራ ሰብሮ በር ላይ የሚቆመውን ልጅ አየች። «ጮኽሽ እኮ፣ እማ» አለ።  «እንደዚያ ስትጮኺ ሰምቼሽ አላውቅም። እጄ ላይ የተሰበርሽ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ... ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። ጊዜው ከሄደ በኋላ ደግሞ ለፊርደውስ ምን ብዬ ልንገራት? አላስነሳኋትም ልበል?»

«አምባቸው ያለህን ሰምቻለሁ።»

«እሱ አይደለም» አለ አወቀ። «እሱ ባይልም አላቆምሽም ነበር።»

ትህትና ከበሩ ላይ ሆና እያየቻቸው ነው።  ከዚያ አወቀ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ደሴ መልሼ እወስድሻለሁ፣ ለወሩ መጨረሻ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ካልሆነም ከዚያ በኋላ፣ እያለ መናገር ጀመረ። ፈንታዬ እስኪጨርስ ጠበቀችው። የሚለውን ሁሉ ከልቡ ነው የሚለው፤ እንደማያደርገውም ታውቃለች። ያችን የጩኸቷን ቀን እስካስታወሰ ድረስ ይህ ሰው እጁን ዘርግቶ አያቆማትም። ደግፎ ለማስተኛት ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይበረታል።

«አወቀ» አለችው።

«እመት፣ እማ።»

«አንተ ውጣና ጓሮ ቁጭ በል። ትህትና ናት የምታቆመኝ።»

«እሷ ብቻዋን እንዴት ትችልሻለች? እኔ ከኋላ...»

«አንተ ካለህ እጮሃለሁ። ከጮኽኩ ትተወኛለህ። ሂድ።»

አወቀ ሚስቱን አየ። ትህትና ዓይኗን አልሰጠችውም። በእጁ መጋረጃውን ይዞ ጥቂት ከቆመ በኋላ ወጣ። የጓሮው በር ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ከመስኮቷ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰሙት።

ትህትና ብረቱን ወደ አልጋው አስጠጋችው። ፈንታዬ የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ በጥርሷ ነከሰችውና ሁለት እጇን ብረቱ ላይ አደረገች። ምራቷ ወገቧን ይዛለች፤ ጉልበቷን ከፈንታዬ ጉልበት ፊት ደግና ትጠብቃለች። ተነሳች። ክንዶቿ ተንቀጠቀጡ፤ ግራ እግሯ ክብደቷን ተቀበለ፤ ከጭኗ ውስጥ፣ ብረቱ ካለበት፣ ከጉልበቷም ጀርባ አንድ ነገር እየተቀደደ የሚወጣ መሰላት። ጩኸቱ መጣ። ነጠላው ውስጥ ቀረ፤ ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ቆመች። ጎንበስ ያለች ናት። ቀኝ እግሯ በጣቶቿ ጫፍ ወለሉን ነካ እንጂ ተረከዟ አልደረሰም፤ በመሬቱና በእሱ መሐል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ትህትና ወደ ታች አየች፤ ፈንታዬም አየች። ትህትና ልታስቀምጣት ወገቧን ላላ ስታደርግ ፈንታዬ ነጠላውን እንደነከሰች ራሷን ነቀነቀች።

«ጨረሳችሁ?» አለ አወቀ ከውጭ።

ትህትና ክንዷን በአማቷ ወገብ ላይ መልሳ አጠበቀች።

«ገና ነን» አለችው።